ጭሮ ላይ የተካሄደው የባሕር ጦርነት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጭሮ ውስጥ፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት ግቢ፣ እንግሊዝንና ሆላንድን በመርከብ አዋግቻለሁ... እስካሁን አልወጣልኝም።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሚስቴ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ጭሮ። ልጃችን ዓመት ሊሞላት ነው፤ «አባዬ የታል?» ሲሏት የምትጠቁመው ወደ ስልኩ ነው። ይኼን ካየሁ በኋላ ዝውውር ጠየቅኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር... ሱፐርቫይዘሩ ሳስተምር አይቶ ጥሩ ነጥብ እንዲሰጠኝ። ሰውዬው ሲጠፋ ሲጠፋ ቆይቶ ቅዳሜ ዕለት የግምገማ ቅጹን ይዞ ከች አለ።

የቅዳሜ ተማሪዎቼ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ያቋረጡትን ትምህርት የሚጨርሱ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች፣ ጥበቃዎች። የዕለቱ ርዕስ ደግሞ የባሕር ኃይል ውጊያና የአውሮፓ መንግሥታት መጠናከር። ባሕር ያየ አንድም ሰው የለም። እኔ ራሴ ያየሁት ትልቁ ውኃ መተሐራ መንገድ ዳር ያለው በሰቃ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት።

ሱፐርቫይዘሩ ፊት መጽሐፍ ከማነብ በተግባር ላሳይ ብዬ ሁሉንም ወደ ሜዳው አወጣኋቸው። ግማሹ እንግሊዝ፣ ግማሹ ሆላንድ። እያንዳንዱ ሰው አንድ መርከብ።

«መድፉ ያለው በመርከቡ ጎን ነው» አልኳቸው። «ስለዚህ ተከታትላችሁ በአንድ መስመር ትሄዳላችሁ። ከጠላት ጎን ስትደርሱ ትተኩሳላችሁ። ከመስመር የወጣ ተሸነፈ!»

ጥይቱ የተጨማደደ ወረቀት ነው።

እንግሊዝን የሚመሩት አዴ ፋጡማ ሆኑ። ጫት ነጋዴ ናቸው፤ በየሳምንቱ ከገለምሶ በሚኒባስ ይመጣሉ። ለሆላንድ ኦቦ ጀማልን መረጥኩ። ሹፌር ናቸው። ሦስት ቅዳሜ ጠፍተው የዛን ቀን ገና ትምህርት ሲጀመር መድረሳቸው ነበር። በሱፐርቫይዘሩ ጭንቀት ናላዬ ስለዞረ የት እንደነበሩ እንኳ አልጠየቅኩም። ቁመታቸውን አይቼ ሾምኳቸው።

ፊሽካ ነፋሁ። ሁለቱ ሰልፎች ተንቀሳቀሱ... እንዴት እንደሚያምሩ! ሱፐርቫይዘሩ አንገቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። አዴ ፋጡማ ወረቀታቸውን ወደ ላይ አንስተው ይገሰግሳሉ። ጎን ለጎን ደረሱ።

«ተኩስ!» አልኩ።

አዴ ፋጡማ እጃቸውን አወረዱ።

«ጀማል! አንተ ነህ እንዴ? የት ጠፋህ? አካም ጅርታ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አዴ። ወንድሜ ሞቶ ቦኬ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

«ኢና ሊላሂ! ሳንሰማ!»

ወረቀቱ መሬት ወደቀ። ከዛ በኋላ የእንግሊዝ መርከቦች አንድ በአንድ እየታጠፉ የጠላትን አዛዥ ወደ መጨበጥ ሄዱ። ሆላንዶችም አልሰሙም ነበርና እነሱም ዞሩ። እኔ መሀል ሜዳ ላይ «መስመር! ኧረ መስመር!» እያልኩ እጮኻለሁ።

አዴ ፋጡማ ዞር አሉና ገላመጡኝ።

«ቲቸር፣ ሰው ሞቶበታል እኮ! መድፉ ይደርሳል።»

እንግሊዝና ሆላንድ ሳሩ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሱፐርቫይዘሩም ቅጹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እጁን ዘረጋ። እኔም ቆሜ «አሚን» አልኩ... ምን ልበል ሌላ?

እውነቱን ለመናገር በጣም አፈርኩ። ሰው ከለቅሶ ሲመጣ «የት ነበርክ» ሳይሉ ለጦርነት ማሰለፍ ምን ይባላል? ቀረብ ብዬ «ኦቦ ጀማል፣ እግዜር ያጽናዎት። ሳልጠይቅዎት...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ችግር የለም ቲቸር። ቤት ብቻዬን ከመቀመጥ ይሻለኛል። ደግሞ ሆላንድ ሆኜ አላውቅም።»

ወደ ክፍል ተመለስን። በልቤ ዝውውሩን ቀብሬዋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ተነሳና «እስቲ ከዚህ ጦርነት ምን ተማራችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የትኛው ጦርነት?

አዴ ፋጡማ እጃቸውን አወጡ።

«ለምን ሳንዋጋ ቀረን? መርከቡ የየራሳችን ስለሆነ ነዋ! ነጋዴ መርከቡን ለንጉሥ ቢያውሰው፣ ጦርነት መሀል የራሱ ጉዳይ ሲመጣበት ጥሎ ይሄዳል። እኔም ጫቴ የሚደርቅብኝ ከሆነ ንጉሥም ቢጠራኝ አልሰማም። ስለዚህ ንጉሡ የራሱን መርከብ ሠራ። ከሠራ ደግሞ እንጨት የሚያቀርብ፣ ባሩድ የሚያስቀምጥ፣ መርከበኛውን ዓመቱን ሙሉ የሚቀልብ፣ ለዚህ ሁሉ ግብር የሚሰበስብ ሰው ያስፈልገዋል። ይኼ ሁሉ ሠራተኛ ሲከማች... መንግሥት የሚባለው እሱ አይደል?»

ቁጭ አልኩ። ሁለት ሳምንት ኖት ሳዘጋጅ እንዲህ አሳጥሬ ማስቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

ኦቦ ጀማል ከኋላ ጨመሩ። «መርከበኛው ለቅሶ ሲኖርበት ፈቃድ የሚጠይቅበት ቢሮም መጣ ማለት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስ አለኝ።

ሱፐርቫይዘሩ ይጽፋል፣ ይጽፋል... ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ እጄን ጨበጠኝ።

«መምህር፣ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም። ከፍተኛውን ነጥብ ነው የሰጠሁህ። ከሥር አስተያየት ጽፌልሃለሁ፣ አንብበው።»

በሐሳቤ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ልጄን አቅፌያለሁ። ቅጹን ተቀብዬ አነበብኩ።

«ይህ መምህር ለከተማችን እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ የጠየቀው ዝውውር እንዳይፈቀድለት በአክብሮት አሳስባለሁ።»

ጭሮ ላይ በተካሄደው ብቸኛ የባሕር ጦርነት ማንም ማንንም አላሸነፈም... የተማረክሁት እኔ ብቻ ነኝ።