ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ

አርክቴክቷ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ስትደጋግም ኖራለች። ሕንፃ እንደ ሰው አካል ነው፤ ግድግዳው፣ ብርሃኑ፣ አየሩና ሥዕሉ የተሳሰሩ አንድ ሲስተም ናቸው፤ አንዱን የነካ ሌላውን ሳይነካ አያልፍም ትል ነበር። ሰዓሊው ባሏ "አንቺ እኮ ጥርስሽን ቢያምሽ ጣሪያውን ትመረምሪያለሽ" እያለ ይስቅባት ነበር።

ባሏ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሳለው በሞተበት ዓመት ነው። የዘይት ቀለሙ ግን ግድግዳውን እንደ ላስቲክ አፈነው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ንባብ ክፍሉ ዞረ፤ መጻሕፍቱ ሻገቱ፣ አንባቢዎቹም ያስሉ ጀመር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች መፍትሔ ፈልጊ ሲሏት ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሌላ መላ አልነበረውም፤ ቀለሙ ተልጦ ግድግዳው ላይ መስኮት መከፈት አለበት።

የባሏ ታላቅ እህት ይህን ሰምታ እያለከለከች መጣች።

"ሲስተም ሲስተም እያልሽ ወንድሜን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?"

"እትዬ፣ ሰው እኮ እያሳለ ነው።"

"ይሳላ! ሳል ያልፋል፤ የሱ እጅ ግን ተመልሶ አይመጣም።"

እሷ ግን ግንበኛ አስጠራች። ግንበኛው መዶሻውን ይዞ "ከዳር ልጀምርልዎ?" ሲላት፣ "ከመሃል ጀምር፤ አየሩ የሚያልፈው በዚያ ነው" አለችው።

መስኮቱ በተከፈተ ማግስት አንድ ሽማግሌ አንባቢ ደረታቸውን ሞልተው ተነፈሱ።

"እሰይ! ለመሆኑ ልጄ፣ ይቺን ክፍል እስከ ዛሬ ምን ዘግቷት ነው?"

"ሥዕል ነበር፣ አባባ።"

"እንኳን ተነሳ" አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።