ሽማግሌዎቼን ያጣላው የሰው አገር ምርጫ

እጮኛዬ ከኤርፖርት መልስ መንገድ ላይ ሆኖ ኮል አደረገኝ። ከለንደን የመጡትን ሁለት አጎቶቹን ተቀብሎ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ሕንፃ ወዳለው ቤቱ እየነዳ ነበር፤ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ መኪናው ውስጥ ትቷቸው ወርዷል።

"ችግር አለ" አለኝ።

"ሻንጣ ጠፋ?"

"አልጠፋም።"

"ታመሙ እንዴ?"

"ደህና ናቸው። የእንግሊዝ ምርጫ ነው።"

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰው ተሰልፎ መድኃኒቱን ይጠብቃል፤ እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ የመድኃኒታቸው ስም ያሳቀኝ መስሏቸው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት።

"አትሳቂ" አለኝ በጭንቀት። "አባትሽ ፊት ቆመው አንቺን የሚጠይቁልኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው።"

የእጮኛዬ አባት የሞቱት እሱ ደሴ ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት የሆኑት ለንደን ያሉት ሁለቱ የአባቱ ወንድሞች ናቸው፤ በስልክ እየተቆጡ፣ ጫማና ልብስ እየላኩ፣ ተራ በተራ እየሄዱ እያዩት ነው ያደገው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባም የመጀመሪያውን ክረምት በስልክ ያሻገሩት እነሱ ናቸው። ትልቁ አጎት የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት አላቸው። ትንሹ አጎት የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። አንድ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ነው ቤታቸው። ለረጅም ዘመን የአንድ የግራ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ የምርጫ ሰሞን በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ቤት ለቤት በር ያንኳኩ ነበር አሉ።

ኋላ ፓርቲው ራሱ ውስጥ ለውስጥ ተከፋፈለ። ትንሹ አጎት "ፓርቲያችን ለሀብታም አጎነበሰ" ብለው ከግራው ወደ ግራው ጥግ ሄዱ። ትልቁ አጎት "ፓርቲያችን አበደ" ብለው መጀመሪያ ወደ ቀኙ ተሻገሩ። እዚያም ለካ መከፋፈል ነበር። ቀኙ ለዘብ ያለ መሰላቸውና ከቀኙም ቀኝ ወደተቋቋመው አዲስ ፓርቲ ገቡ። ምርጫው እየቀረበ ሲመጣ ሁለቱም መስኮታቸው ላይ የየራሳቸውን ፖስተር ለጠፉ። ጠዋት መጋረጃ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የወንድማቸውን ፖስተር ነው።

"ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ?" አልኩት ማታ።

"ከለንደን አስመጥቼ? እንደዚያ ካደረግኩ ሁለቱ የሚስማሙት ያኔ ነው፤ እኔን ለመርገም።"

እናም ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ አስማላቸው። አባቴ ቤት ገብተው እስኪወጡ ድረስ እንግሊዝ የምትባል አገር ካርታ ላይ እንደሌለች ሊቆጥሩ ወላሂ ብለው ቃል ገቡ። ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነው የተጨመሩት እዚያው ስካይላይን ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ደግ አዛውንት ነበሩ። በሰፈሩ ያልባረኩት ትዳር የለም። ችግራቸው ጆሯቸው ብቻ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫቸውን ደግሞ የሚያደርጉት ሲያሻቸው ነው።

ቅዳሜ ከዙሁር ሰላት በኋላ መጡ። አባዬ ዜግነት ሲወስድ የለበሰውን ሱፍ ለብሶ ሶፋው መሐል ተቀምጧል። እማዬ ከዋዜማው ጀምራ ስታበስል አድራ ማንም እንዳይነካ ከልክላለች፤ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ እህል አይቀምስማ። እኔ መኝታ ቤት ታግጃለሁ። እጮኛዬ ሕንፃችን ሥር ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ላይ ነው። ያፓርታማችን ግድግዳ ሚስጥር አይችልም፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ የሰማሁትን ሁሉ እያንሾካሾኩ አቀብለው ጀመር።

"ገቡ" አልኩት። "ቁጭ በሉ ተብለው እንቢ ብለው ቆመዋል።"

"ጥሩ ነው። እንደዛ ነው ወጉ።"

ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ትልቁ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዴት ያለ ንግግር ጀመሩ! ስለ ዝምድና፣ ስለ ደሴ፣ ስለሟቹ ወንድማቸው ሲናገሩ እማዬ ወጥ ቤት ሆና ስትነፋረቅ ሰማኋት። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ኖሮ በሩብ ሰዓት ታጭቼ ነበር። አባዬ ግን የወጉን ጥያቄ ጠየቀ።

"እንግዲህ ልጃችሁ እንዴት ያለ ልጅ ነው?"

"ሠርቶ አዳሪ ነው" አሉ ትልቁ አጎት። "ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በላቡ ያድራል። እንደ አንዳንዶች መንግሥት ያጉርሰኝ ብሎ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ አይደለም።"



"እንደ አንዳንዶች ማለት?" አሉ ትንሹ አጎት።

"እንዲያው ለነገሩ ነው።"

"አይ፣ ለነገሩ አይደለም። እነማን ናቸው አንዳንዶች?"

"ምን ተፈጠረ?" አለኝ እጮኛዬ በስልኩ። "ለምን ዝም አልሽ?"

"አጎትህ 'አንዳንዶች' አሉ።"

"ያ አላህ!" አለና ራሱን መሪው ላይ ጣለው መሰለኝ፣ ክላክሱ ሲጮህ በመስኮት ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ትንሹ አጎት ወደ አባዬ ዞረው፣ "ጌታዬ ይፍረዱኝ፤ ይህ ወንድሜ ድንበር ይዘጋ ከሚሉት ጋር ነው የሚሰለፈው። እሱ ራሱ በየት ገብቶ?" አሉ።

"እኔ ተሰልፌ ነው የገባሁት!"

"የት ተሰልፈህ? በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ከቲማቲም ሣጥን ጋር አብረን አልነበርን? ከቲማቲሙ ቀጥሎ ነው የተሰለፍከው?"

"እሱ ሌላ ዘመን ነበር! አንተስ? የናንተ ፓርቲ ሦስት ሰው ሆኖ ይሰበሰብና አራት አንጃ ሆኖ ይወጣል!"

"አንጃ ይሻላል፣ በአንድ ሰው አፍ ከመነዳት!"

"የመሐሉስ እንዴት ነው?" አለ አባዬ ለማስታረቅ። "እዚያ አገር መሐል ላይ ያሉ የሉም?"

ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ "የመሐሉን ይተውት!" አሉ። በዚያች ቅጽበት ብቻ ፍጹም ወንድማማች ነበሩ።

ትራሱን አፌ ላይ ይዤ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ።

"አሁን የት ደረሱ?" አለኝ እጮኛዬ።

"ድንበር ላይ ናቸው።"

"የኔና ያንቺ ጉዳይስ?"

"ገና አጀንዳ አልተያዘለትም።"

ይህ ሁሉ ሲሆን ሦስተኛው ሽማግሌ ሰዎቹን በየተራ ሲያዩ ቆይተው ኖሯል። ማዳመጫቸውን አላደረጉም። የሚያዩት የተቆጣ ፊትና የሚወናጨፍ እጅ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ አባዬ እጁን ዘርግቶ "ተዉ፣ ተዉ" ይላል። ልጄን አልሰጥም ያለ መሰላቸው። ዘለው ተነሡና የአባዬን ጉልበት ያዙ።

"ጌታዬ፣ ስለ ነቢ ብለው! ሰው ይሳሳታል! ልጁ ወጣት ነው፣ ይታረማል!"

"ኧረ እኔ ምንም አላልኩም!" አለ አባዬ፣ ሊያነሣቸው እየታገለ።

"ጠላም አረቄም ትቷል፣ እኔ ምስክር ነኝ!"

"ጠጪ ነህ እንዴ?" አልኩት በስልኩ።

"ኧረ ቀምሼ አላውቅም! ማነው ያለው?"

 ሆዴን ይዤ በሳቅ በምንጣፉ ላይ ተንከባለልኩ። ያኔ ነው የእማዬ እግር ከወጥ ቤት ሲወጣ የሰማሁት፤ ሳቄ ወዲያው ቆመ፤ እማዬ ስትቆጣ በተረከዟ ነው የምትራመደው።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "ልጄን የምሰጠው ለየትኛው ፓርቲ ነው?"

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"ለአንድ ቤት ልሰጥ ነው ያሰብኩት። ሁለት ቤት ከሆነ ልጄ አንድ ናት፣ አትበቃም።"

አባዬ ከሶፋው ተነሣ። አባዬ ሹትል ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው እያመላለሰ ብዙም አይናገርም። በዚያ ቀን ግን ድምፁ ሌላ ሆነብኝ።

"በሉ ተቀመጡ" አላቸው። "እስካሁን እንቢ ብላችሁ የቆማችሁት ሽማግሌ ስለሆናችሁ ነበር። አሁን ሽማግሌው እኔ ነኝ። የተጣላችሁት እናንተ ናችሁ።"

የሶፋው ስፕሪንግ ሲጮህ ሰማሁ። ተቀመጡ።

"ልትታረቁ አልመጣችሁም፣ አውቃለሁ። የእንግሊዝን ነገርም አላውቅም። ግን ልጄ ነገ ስታምጥ ለማን እንደምትደውል ማወቅ አለብኝ። እያንዳንዳችሁ ስለ ወንድማችሁ ፓርቲ አንድ ደግ ነገር ንገሩኝ። እውነት የሆነ ነገር። ያለዚያ ልጅ የለም።"

በሩን ይዤ ቀረሁ። ትዳሬ በአንድ ሰው ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ሰው ደግሞ የግራውን ጥግ ማመስገን አለበት።

"ምን አሉ?" ይለኛል እጮኛዬ። "ምን አሉ? ኧረ ንገሪኝ!"

"አባዬ ያንዱን ፓርቲ አንዱ ያመስግን አለ።"

"በቃ" አለ በለሆሳስ። "አንጋባም።"

 "ስብሰባቸው ላይ… ሻያቸው ጥሩ ነው ይባላል" አሉ ትልቁ አጎት በመጨረሻ።

"ሻይ አይቆጠርም" አለች እማዬ።

 ትልቁ አጎት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ባለቤቴ ኦፕሬሽን ያደረገች ጊዜ" አሉ፤ "የኔዎቹ ካርድ ላኩ። የሱዎቹ ግን ሾርባ ይዘው መጡ። ፖስተሬን እያዩ፣ በሬን አንኳኩተው ገቡ። አንዷ ልጅ ሳህን አጠበች። አልነገርኩህም እንጂ ያን ቀን አፍሬ ነበር።"

ትንሹ አጎት አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

"እርስዎስ?" አለ አባዬ።

"እነሱ…" አሉ ትንሹ አጎት፣ ቃሉ ከጥርሳቸው መሐል በመከራ እየወጣ፤ "የሚሉትን በግልጽ ይላሉ። የኛዎቹ አንድ አንቀጽ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ይጨቃጨቃሉ። የሱዎቹ የሚሉት ስሕተት ነው፤ ግን ይገባሃል።"

"ስሕተት ነው የሚለውን ላውጣው?" አለ አባዬ።

"እሱን አይንኩብኝ።"

አባዬ ሳቀ። አባዬ ሲስቅ መጀመሪያ ትከሻው ነው የሚስቀው፤ ባላየውም አወቅኩት። ትልቁ አጎትም ሳቁ፣ እማዬም፣ ትንሹ አጎትም። ሦስተኛው ሽማግሌ "ፈቀዱ?" ብለው ጠየቁ። አባዬም ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ፣ ሕንፃው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ "ፈቅጃለሁ! ልጄን ሰጥቻችኋለሁ!" አለ።

የእማዬ እልልታ ግድግዳውን አናጋው። እኔ ታግጄ መቆየቴ ከነአካቴው ጠፍቶኝ ባንድ እግሬ ካልሲ፣ በሌላው ባዶ እግሬን ሳሎን ውስጥ ተገኘሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሙሽራ ዓይኗን ሰብራ፣ ተጠርታ ነበር የምትወጣው። ስልኩ ገና በእጄ ነው፤ ከውስጡ "ምን ሆነ? ማነው የሚጮኸው?" የሚል ድምፅ ይወጣል። ከዚያ የሰው ሩጫ ደረጃው ላይ ተሰማ። ሊፍቱን መጠበቅ አልቻለም ኖሯል። በሩን በርግዶ ሲገባ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ግንባሩ ላይ የመሪው ቅርጽ ታትሞበት ነበር።

"አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?" አለው አባዬ ኮስተር ብሎ።

"ከ… ከፓርኪንግ።"

ያኔ የተሳቀው ሳቅ! ታች ያሉት ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እስኪመቱ ድረስ ሳቅን። እማዬ ለእሳቸውም አንድ ሳህን ሙሉ ምግብ ላከችላቸው። ማዕዱ ቀረበ። ትልቁ አጎት ትንሹን አጎረሷቸው፤ ትንሹ አጎት ጉርሻውን እንደ ዋጡ፣ "ስለ ድንበሩ ግን…" ብለው ጀመሩ፤ እማዬ ሁለተኛውን ጉርሻ ራሷ አጎረሰቻቸው፤ ትልቅ አድርጋ።

ኒካው በሳምንቱ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ሆነ። ከሎረል ከተማ የመጡት የአባዬ የሥራ ጓደኞች፣ በእንግሊዝ ምርጫ አንድም ድምፅ የሌላቸው ሰዎች፣ ምሳው ሳያልቅ ለሁለት ተከፍለው ነበር። አጎቶቹ በየጠረጴዛው ሲዞሩ ምግብ የሚያድሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቅስቀሳ ላይ ናቸው። ተዉ ብዬ ልቆጣቸው ሄጄ፣ የትንሹን አጎት ክርክር ሰምቼ ሳልጨርስ ባሌ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

አጎቶቹ ለንደን ተመልሰው ምርጫው ሲደርስ ባሌና እኔ ቁርሳችን ቀርቶብን ውጤቱን በስልክ ስንከታተል አረፈድን። በሰፈራቸው ትልቁ አጎት የደገፉት ወደቀ። ትንሹ አጎት የደገፉትም ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ትንሹ አጎት ደወሉልኝ።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው፤ "ወንድሜ በጣም ከፍቶታል። እኔ ባናግረው ያላገጥኩበት ይመስለዋል። አንቺ ደውለሽ አጽናኚልኝ። እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትይ።"

እሺ ብዬ ዘጋሁና ወደ ትልቁ አጎት ልደውል ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"አጎትሽ ተሰብሯል" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለወራት ነው የለፋው። ደውዪለትና አይዞህ በዪው። ከኔ አልሰማሽም።"

"እርስዎስ ደህና ነዎት?" አልኳቸው፣ ሳቄን አንቄ።

"እኔማ ምን እሆናለሁ!" ሲሉ፣ ከጀርባቸው በሩ ሲከፈትና የትንሹ አጎት ድምፅ፣ "ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ፣ ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾከው?" ሲል ተሰማኝ።