የበረኛው ጉርድ ፎቶ

ልጅ እያለሁ፣ እኩዮቼ የማስቲካ ወረቀት ሲሰበስቡ እኔ የሰው ፊት እሰበስብ ነበር። የከተማችን የሐይቅ ቡድን የድሮ ተጫዋቾች ለመታወቂያ ተነሥተውት የተረፈ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ሊጥለው ሲል ለምኜ ያገኘሁት። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የተጠማዘዘ፣ ሲያሸቱት ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል።

ለውጥ መጣ ተብሎ ባጃጁ ሁሉ ባንዲራ ሰቅሎ ሲዞር፣ እኛ የሰፈር ልጆች በፎቶ እንደባደብ ነበር። የወሰደብኝን የአጥቂ ፎቶ ለማስመለስ የጎረቤታችንን ልጅ የከድርን ጆሮ ነክሼ አድምቻለሁ። እሱም ፀጉሬን በእፍኙ ነጭቶ፣ "አንቺ ጅብ!" እያለ እያለቀሰ ሄደ። እናቴ ደግሞ በአርጩሜ የድርሻዋን ጨመረችልኝ።

ከሁሉም የምሳሳለት የአጎቴ የሰይድ ፎቶ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በዘመኑ የቡድኑ በረኛ ነበር። ፎቶው ላይ አንገቱ መቃ የሚያህል ጎፈሬያም ጎረምሳ ነው። እኔ የማውቀው ሰይድ ግን ራሱ የተመለጠ፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ዓሣ ነጋዴ። ከገበያ ሲመለስ ፎቶዎቹን እያነሣ የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ ከጀርባው ያስጽፈኛል። "ጻፊ እንጂ! ያልተጻፈ ሰው ይረሳል" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በአምባሰል ተራሮች በኩል መድፍ ባጓራ ቁጥር የጣራችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቱ ወደ ደሴ ሸሸ። እናቴ የመውለጃዋ ወር ስለነበር እኛ ቀረን፤ አጎቴም ጥሎን አልሄደም።

አንድ ጠዋት ታጣቂዎች በሩን በርግጫ ገንጥለው ገቡ። የዱቄቱን ጆንያ በሳንጃ ዘረገፉት፣ ሳጥኑን ገለበጡት። አንደኛው ፎቶዎቼን ያስቀመጥኩበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተ። የወጣት ወንዶች ፊት፤ ከጀርባው ስምና ሰፈር! ዓይኑ ቀላ።

"እነዚህ የት ነው የተደበቁት?"

"ኧረ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው ልጄ! ወላሂ የድሮ ናቸው!" አለች እናቴ።

አንዱን ፎቶ መዘዘና አጎቴ አፍንጫ ሥር ደቀነው። "ይሄ ሰይድ የሚባለው የት አለ?"

"እኔ ነኝ።"

በሰደፍ አፉን አለው። "ትቀልድብኛለህ?"

አጎቴ ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። "እኔው ነኝ ወንድሜ፤ ዕድሜ ነው እንዲህ ያረገኝ። በረኛ ነበርኩ።"

በሩ ላይ የቆመው ሌላኛው ሳቀ። "በረኛ ከሆንክ እስቲ ያዝ!" ብሎ የበርበሬ መፍጫውን መጅ አነሣና ወደ እናቴ ሆድ ወረወረው።

ያ ቦርጫም አጎቴ ከመደቡ ተወርውሮ፣ ድንጋዩ እናቴ ሆድ ሥር ሲደርስ ቀለበው። ጣቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበሩ በጆሮዬ ሰማሁ። እናቴ ሆዷን አቅፋ ጮኸች። እሱ ግን ድንጋዩን አልለቀቀውም።

"እውነትም በረኛ ነው" አለ የወረወረው። ቆርቆሮውን መሬት ላይ ደፍተውት ወጡ።

አጎቴ እጁን በሽርጥ ጠቅልሎ፣ "አቃጥያቸው፤ የኔንም ጭምር። ነገ የሚመጣው ላይስቅ ይችላል" አለኝ። እያለቀስኩ አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ፊታቸው መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይጠቁራል። እሱም በየፎቶው ስም እየጠራ፣ "አላህ ይጠብቅህ" ይል ነበር።

እኛ ለአንድ ፎቶ ጆሮ እንናከስ ነበር፤ የዛሬ ልጆች የፈለጉትን ተጫዋች በስልክ አይተው ያልፋሉ። ያኔ በእናቴ ሆድ የነበረው ወንድሜም በኳስ አበደ። ሜዳ ወርዶ አጎቴን ግብ ላይ ያቆመዋል። አጎቴ የማይዘረጉ ጣቶቹን ኪሱ ከቶ ኳሷን በደረቱ ያቆማታል።

"አያችሁ? የኔ አጎት በእጁ መያዝ ይንቃል!" እያለ ወንድሜ ለጓደኞቹ ይጎርርበታል።

አጎቴ ይስቃል፤ አንድም ቀን አላረመውም።