የአባቴ የብርብራ ሙቀጫ

ዝንቦቹን ያረባኋቸው በበሰበሰ ማንጎ ነው። አሶሳ ላይ ማንጎ ከባጃጅ ይበዛል። የመመረቂያ ጥናቴ የብርብራ ዛፍ ዘር መርዝ በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡትን ዘረመሎች ምን እንደሚያደርጋቸው ማየት ነበር። አማካሪዬ በርዕሱ ምርጫዬ ተደነቀ። እኔ ግን አባቴ ናፍቆኝ ነው የመረጥኩት።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። በሕይወት ሳለ፣ በበጋ የዳቡስ ወንዝ ሲጎድል ብርብራ ይወቅጥና ዱቄቱን ረጋ ያለው ውሃ ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ብቅ እስኪል ዳር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ወሬ የሚወድ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ትንፍሽ አይልም። ያ ዝምታው ዛሬም ይናፍቀኛል። ሙቀጫው ቤት አይገባም፣ ጓሮ ተደፍቶ ነው የሚያድር። አንድ ቀን በርበሬ ልወቅጥበት ሳነሳው እናቴ ከእጄ ነጥቃ፣ «ይሄ የአባትሽ ነው፤ የሚበላ ነገር አይወቀጥበትም» አለችኝ።

ይህን እያወቅሁ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ሙቀጫውን ይዤ ወደ አሶሳ መጣሁ። ብርብራውን ወቀጥኩበት። ከዚያ በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቤ ለዝንቦቹ ምግብ የሚሆነውንም በቆሎ እዚያው ወቀጥኩ፤ መርዙ የሚጨመርበትንም፣ ለማነጻጸሪያ ንጹህ የሚቀርበውንም። ለሁሉም እኩል ይሁን ብዬ ነው። እንዲህ ያለው ብልጠት የሚመጣው ብዙ ከተማሩ በኋላ ነው።

ንጹህ ምግብ ይበላሉ የተባሉት ዝንቦች በማግስቱ ፈዘዙ። በጠርሙሱ ግድግዳ ትንሽ ይወጡና ይወድቃሉ። ናሙናውን አዲስ አበባ ልከን የዘረመሎቹ ሥራ ሲለካም ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ለምረቃ የቀረኝ ሁለት ወር ብቻ ነበር።

አማካሪዬ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «የማነጻጸሪያዎቹን ምግብ በምን ፈጨሽው?» አለኝ።

ሙቀጫውን አሳየሁት።

«እንጨት እኮ መርዝ ይጠጣል። ስንት ዓመት ተወቅጦበታል?»

«እኔ ሳልወለድ ጀምሮ።»

«በይ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ይሄን ደግሞ አቃጥይው።»

ወፍጮ ቤት ባስፈጨሁት በቆሎ እንደገና ጀመርኩ። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ዝንብ እቆጥር ነበር፤ ተናድጄ አለቀስኩ። በመጨረሻ ልዩነቱ ታየ፣ እኔም ዘግይቼ ተመረቅሁ።

ሙቀጫውን ግን አላቃጠልኩትም። ወደ ቤት መልሼ ለእናቴ ሁሉንም ተናዘዝኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«በፈላ ውሃ አጥበሽውም አልለቀቀም?» አለችኝ።

«አልለቀቀም፣ እማዬ።»

ሙቀጫውን ተቀብላኝ ውስጡን በመዳፏ ዳበሰችው። «ሦስት ክረምት ዘንቦበታል እኮ። የአባትሽ ነገር ታጥቦ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አለችና፣ ጓሮ ወስዳ በቦታው ደፋችው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።