ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳሉ የሳቅኩት ሳቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የጨበጥኩት ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ብር ስትልክ በስልክ የምትነግረኝን ቁጥር ለመገልበጥ ብቻ ነው። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ይህን ግን ጽፌ ካላስቀመጥኩት ሌሎች እንደሚያወሩት ሆኖ ይቀራል። ሌሎች የሚያወሩት ደግሞ፣ ሽማግሌ ንቃ የሳቀች ልጅ እያሉ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቴሌቪዥን ነው። መካነ ሰላም ውስጥ በኛ ሰፈር መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገባው እኛ ቤት ነበር። እህቴ በላከችው ብር ተገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ሆነ። ሴቶቹ መደቡ ላይ፣ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ልጆቹ መሬት ይቀመጣሉ። እኔ ሁልጊዜ ጓዳው መጋረጃ ሥር ነበርኩ፤ ከዚያ ሆኜ ቴሌቪዥኑንም የሚያዩትንም ሰዎች አያለሁ።

በዚያን ወቅት ሁሉም የሚጠብቀው አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ለአንድ ጎረምሳ ሚስት ሊጠይቁ ወደ አንድ ሀብታም ቤት ይሄዳሉ። እንደ ደንቡ በር ላይ ይቆማሉ፤ የልጅቷ አባት ተቀመጡ እስኪል ድረስ አይቀመጡም። አባትየው ተቀመጡ ሊል አፉን ሲከፍት አንድ ነገር ይመጣል። አንድ ሳምንት በሬው በረቱን ሰብሮ ይወጣል፤ አንድ ሳምንት አባትየውን ድንገት ጥርሱን ያመዋል፤ አንድ ሳምንት ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ይጮኻል። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ የዕለቱ ክፍል ያልቃል።

ተሰልፈው ሲቆሙ ሁልጊዜ አንድ ሙዚቃ ይመጣል። ማሲንቆው ሦስት ጊዜ እየተጎተተ ይወርዳል፤ ከዚያ ከበሮ አንዴ ይመታል። ሌላ ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልሳቀም። እናቴ እንዲያውም፣ ምነው ሰዎቹን ቢያስቀምጧቸው ብላ አዘነችላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጥቂቶች ሳቁ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ገና ማሲንቆው መጎተት ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ይናወጥ ነበር፤ በሬው ሳይወጣ፣ ጥርሱም ሳያመው። ሀብታሙ ሰውዬ ሊዋሽ ሲል ደግሞ ክራር በቀስታ ትመታለች፤ እናቴ ክራሯን ስትሰማ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት "ሐሰት" ትለዋለች። ከመጋረጃው ሥር ሆኜ ይህን ሳይ ይገርመኝ ነበር። ቀልዱ ያው ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ሰው የሚስቀው የሚመጣውን ስለሚያውቅ፣ ጎረቤቱም እንደሚያውቅ ስለሚያውቅ ነበር። ገበሬ ጅራፉን ሲያጮኸው በሬ ሳያርፍበት እንደሚዞረው፣ እኛንም ማሲንቆው ያዞረን ነበር።

ከዚያ ሙዚቃው ከቴሌቪዥኑ ወጣ። መናኸሪያው ጋ ተሳፋሪ የሚጠሩ ጎረምሶች በአፋቸው ያዜሙት ጀመር። ጋቢ የለበሰ፣ ዘንግ የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር ማሲንቆውን በአፍንጫቸው ይጎትቱና ከበሮውን በመዳፋቸው የሚኒባሱ ጎን ላይ ይመታሉ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነገሩ አልገባቸውም፤ የገባቸውም ስቀው ያልፉ ነበር። አንድ ሰው ግን አልሳቁም። በከተማችን የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ክርስቲያኑም ቢጣላ እሳቸው ፊት ነው የሚታረቀው። ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም። አንድ የገበያ ቀን ጎረምሶቹ ሲያዜሙባቸው ዞር ብለው፣ ልጆቼ ምን አጠፋሁ ብለው ጠየቁ አሉ። ከዚያ ወዲህ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ተዉ፤ መስጊድ እንኳ ሲሄዱ በወንዙ ዳር ይዞራሉ ተባለ።

እኔ በዚያ ጊዜ የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። እህቴ እኔንም ዓረብ አገር ልትወስደኝ አስባ፣ አባቴ ፎቶግራፌን ሰው ወደ ውጭ ለሚልክ ደላላ ሰጥቶ ነበር። መሄድ አልፈለግኩም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ አንድ ከከላላ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። ወፍጮው ሲጮኽ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ለእኔ ዓይነቷ ይህ ጥሩ ነው። እህሌን ሲቀበለኝ ጣቶቹን እያሻሸ ይላም ወይስ ይሻክር ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም በጣቴ እመልስለታለሁ። ሁለት ዓመት የተግባባነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ሞተሩ ተበላሽቶ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ሽማግሌ ልላክ ወይ አለኝ። መሬት መሬት እያየሁ በአንገቴ እሺ አልኩት።

ልጁ መሬት የለውም፤ ወፍጮውም የሰው ነው። አባቴ በቀላሉ እሺ እንደማይል ስለገባው፣ እንቢ ለማለት የሚከብዱ ሰው ለመነ። እኒያኑ አስታራቂ ነው የለመነው። እሳቸውም ሁለት የልጁን ዘመዶች ከከላላ አስመጥተው አንድ ጠዋት ቤታችን መጡ። አባቴ አስቀመጣቸው፤ ዘመድ ላማክር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ አላቸው። እናቴ ጓዳ ገብታ፣ አባትሽ ሊከለክል ላሰበው ሰው ቀን አይቆርጥም ብላ ሹክ አለችኝ። ደላላው ደግሞ ከቀጠሮው በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ወረቀቴን ይዞ ወደ ደሴ እንደሚሄድ አስታወቀ። አባቴ ለሽማግሌዎቹ እሺ ካለ እቀራለሁ፤ ካላለ እሄዳለሁ።

ቀጠሮው እሑድ ጠዋት ነበር። ከከላላ የሚመጡት ሁለቱ የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆየ። ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ቤታችን በሰው ሞልቷል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሲያይ ውሎ ፊቱ ጠቁሯል። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲታዩ ራሱ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጎረቤትን ውጣ ማለት ነውር ስለሆነ ሁሉም በያለበት ቀረ።

ቆሙ። መሐል ላይ እኒያ አስታራቂ፣ ግራና ቀኝ ሁለቱ የከላላ ሰዎች፤ ጋቢያቸው አቧራ ጠጥቷል። አባቴ ዝም አለ። ጥቂት ማስቆም ደንብ ነው፤ የልጅ አባት ክብሩ ነው። ዝምታው ግን ረዘመ። እኔ ከመጋረጃው ሥር አፌን በእጄ ይዤ የአባቴን ከንፈር አያለሁ። ተንቀሳቀሰ፤ መልሶ ገጠመው። እንቢ ሊል ነው አልኩ በልቤ። ጎረቤቶቹን ሳያቸው ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፤ የአንዱ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ገባኝ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ማንም አላዜመም፤ ማሲንቆው ግን በሁላችንም ራስ ውስጥ እየተጎተተ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከበሮው ብቻ ቀረ።

አባቴ አፉን ከፈተ። እኔም ሳቅኩ።

ሰው ፊት ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔ ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ ፈነዳ። እኒያ ሰው እስኪበቃን ጠበቁን። ከዚያ አባቴን አይተው፣ "እኛ ሰው ልናስቅ አልመጣንም" አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው።

አባቴ አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ እናቴን፣ ደላላው ዓርብ ሲሄድ የዚችን ልጅ ወረቀት እንዳይረሳ ንገሪው አላት። እናቴ ሽማግሌዎቹ ይለመኑ ብትል፣ የሴት ወገን ሽማግሌ ጠርቶ አያውቅም፣ ልጄን እንደ ዕቃ ገበያ አላወጣም አለ። ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ልጁ እህሌን ተቀብሎ ፈጨ፤ ይላም ይሻክር ብሎ አልጠየቀኝም። ዱቄቱን ሲሰጠኝም ቀና አላለም።

ማክሰኞን ሙሉ አሰብኩ። አባቴ ሊጠራቸው አይችልም፤ እናቴም አትችልም። የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። ያጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ቢል፣ ባል ልመና ሄደች የሚለው የለም። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቼ፣ ሰው እንዳያየው በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ሄድኩ። የአስታራቂው ግቢ በር ስደርስ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ደጃፍ ተቀምጠው የበቅሎ ኮርቻ ጠፍር ይሰፉ ነበር። አዩኝ፤ ወስፌያቸውን አላቆሙም። ድንጋይ ተሸክሞ ለመጣ ሰው ቶሎ አውርድ ይባላል። እሳቸው አላሉኝም።

"ማነው የላከሽ?"

"ማንም። አፉ በሉኝ፣ አባባ፤ አጥፍቻለሁ።"

"አባትሽ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ጠፍሩን ሁለት ጊዜ ወጉ። የድንጋዩ ጠርዝ አንገቴን ይበላኛል፤ ለመነቃነቅ ግን አልደፈርኩም።

"ምኔ ነው የሚያስቃችሁ?" አሉ። ቁጣ ስላልሰማሁባቸው የባሰ አፈርኩ።

ስለ ድራማው ነገርኳቸው። ስለ በሬው፣ ስለ ጥርሱ፣ ሽማግሌዎቹ በየሳምንቱ ሳይቀመጡ ስለ መቅረታቸው፣ ስለ ማሲንቆውና ስለ ከበሮው። ያን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። መሬቱን እያየሁ ስለነበር ፊታቸው ምን እንደሚመስል አላየሁም።

"ምን አጥፍተው ነው ታዲያ የሚሳቅባቸው?"

"ምንም አላጠፉም። ይቆማሉ።"

"መቆም ያስቃል?"

"አያስቅም። ሙዚቃው ነው። ሲደጋገም ሰው ይለምደዋል፤ ሳይመጣም ይጠብቀዋል።"

"እናንተ ቤት ሙዚቃ አልነበረም።"

"አልነበረም። ሁላችንም ግን ሰማነው።"

ወስፌው ቆመ። "አንቺም?"

መዋሸት እችል ነበር። "እኔ ፈርቼ ነበር" አልኩ። "አባቴ እንቢ እንዳይላችሁ ፈርቼ። እሱን ስፈራ ነው ሳቁ ያመለጠኝ።"

ይህን ለእናቴ እንኳ ብያት አላውቅም። ጓዳ ዕቃ ታንኳኳ የነበረችው ምራታቸው ወደ በሩ ብቅ አለች። ድንጋዩ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አውርጂው" አሉኝ በመጨረሻ። አወረድኩት። ደላላው መቼ እንደሚሄድ ጠየቁኝ፤ ዓርብ አልኳቸው። ጠፍሩን ወደ ጎን አደረጉት፤ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለምራታቸው፣ ለከላላዎቹ ደውለሽ አገናኚኝ ብለው ሰጧት። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ድንጋዩን ደጃፌ አትተዪው፤ ካነሣሽበት መልሺው። ለአባትሽም እዚህ መምጣትሽን እንዳትነግሪው። ነገ በጠዋት እንመጣለን፤ ያሻውን ያህል ያቁመን፣ ደንቡ ነው። አንቺ ግን እኛ ስንመጣ ቤት እንዳትገኚ።"