የሆአች የአዲስ ዓመት ልብስ

ታንኳዎች በሚቆሙበት የቦዩ ደረጃ ላይ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ተቀምጦ እግሩ ላይ የተጣበቁትን አልቅቶች በጥፍሩ ይነቅላል። ገና ለጋ ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጣዋለች። አልቅት በጥፍር ሲነቅሉት ይብሳል፤ ደሙ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወርዷል። ወጪ ወራጁ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የዳክዬ እንቁላል የምትሸጠው ሉዋ ግን ቅርጫቷን አስቀመጠች። ከምታኝከው ቅጠል ጋር የምትይዘውን የኖራ ብልቃጥ ከመቀነቷ ፈታችና በጣቷ ጫፍ እየነካች አልቅቶቹን ቀባቻቸው። ተኮማትረው ወደቁ። ወታደሩ በቋንቋው አንድ ነገር አላት። እሷ ብልቃጧን ከድና ቅርጫቷን አነሳች።

«አንቺ ሉዋ፣ ሐኪምም ሆነሻል?» አለች ዓሣ ሻጯ ቲየም። «የእኔንም ጉልበት ቀባ አድርጊልኝ እንጂ።»

«ያንቺ ጉልበት በኖራ አይመለስም፤ ሲሚንቶ ነው የሚፈልገው።»

ገበያው ሳቀ። ይህን የሚጽፈው ሰው እዚያው ደረጃ ላይ ምንጣፍ ይሸጣል፤ እሱ ግን መሳቅ አልቻለም። ሉዋ በዚያ ወታደር ወገኖች እጅ ምን እንዳጣች ያውቃልና።

ሉዋ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ላለ ሆአች ለሚባል ሩዝ ገበሬ ነበር። ሆአች በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ ቁጣው ግን እንደ ድንገተኛ ዝናብ ቶሎ ያባራል። ብዙ ልጆች ቀብረው አንዲት ሴት ልጅ አደገችላቸው፤ ሜን አሏት። ሆአች በወባ ሲሞት እንደ አገሩ ልማድ በገዛ ማሳው ራስጌ ቀበሩት፤ ሩዙ ሲያሽት እንዲያይ። በየዓመቱ የመጨረሻው ወር ሊያልቅ ሲል እናትና ልጅ መቃብሩን ያርማሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ እጣን ይለኩሳሉ። በመጨረሻም ከወረቀት የተሠራ ሸሚዝና ሱሪ ያቃጥሉለታል፤ ሙት አዲሱን ዓመት ራቁቱን አይቀበልም። ከዚያ «ተነሥ፣ ቤትህ እንሂድ» ብለው ለበዓሉ ይጠሩታል።

አሜሪካኖቹ መጀመሪያ የመጡት ሁለት ሆነው ነው። አማካሪዎች ነን አሉ፤ ለሕፃናት ክኒን ሰጡ፣ ጎሽ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። «እንግዳ መጀመሪያ ውኃ ይጠይቃል፤ ምንጣፉን ሲጠይቅ ያኔ ፍራ» ይሉ ነበር ሽማግሌዎች። ምንጣፉ ብዙም አልቆየም። በዓመቱ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መድፍ ተተከለ፤ ከዚያ መድፉን የሚጠብቁ፣ ለጠባቂዎቹ ደግሞ ምግብ የሚያመላልሱ መጡ። ጫካ ገብተው አሜሪካኖቹን የሚወጉት የጫካ ሰዎችም በበኩላቸው ከገበሬው ሩዝና ጎረምሳ ይጠይቁ ነበር። እምቢ የሚል አንገት አልነበረም። ገበሬው በሁለት ጎሽ መካከል እንደ በቀለ ሣር ሆነ።

በኋላ አሜሪካኖቹ ማዶ ያለውን ሕዝብ ሁሉ አንሥተው ወደዚህ አመጡት፤ በሹል ቀርከሃና በእሾህ ሽቦ የታጠረ አዲስ መንደር ውስጥ አሰፈሩት። የአጥሩን ጉድጓድ የቆፈሩት ራሳቸው ሰፋሪዎቹ ናቸው። በሩ ጧት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ከሰማይም ወረቀት ተበተነ፤ ከወንዙ ማዶ የታየ ሰው ሁሉ እንደ ጠላት ይቆጠራል የሚል። የሆአች መቃብር ማዶ ቀረ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሉዋ ወደ መንደሩ ሹም ወደ አቶ ንጊየም ሄደች።

«ለግማሽ ቀን ብቻ ነው» አለችው። «አርሜው እመለሳለሁ።»

«ሉዋ፣ ሙታን ይታገሣሉ። አሮጊቷ ግን አትታገሥም።»

አሮጊቷ ያላት ከመንደሩ በላይ ቀስ እያለች፣ እየተንደቀደቀች የምትዞረውን ትንሿን አውሮፕላን ነው። እሷ ያየችውን ለመድፉ ትነግራለች።

«የእኔ ሙት አይታገሥም። ሆአችን ታውቀው የለ? ሩዙ ቢያርርብኝ አገር ይያዝልኝ ይል ነበር።»

አቶ ንጊየም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እኔ አላየሁሽም» አለና ፊቱን አዞረ። እሱም ማዶ የተቀበሩ ወላጆች ነበሩት።

እናትና ልጅ በታንኳ ተሻገሩ። አሮጊቷ ስትመጣ እንደሚያውቁት ሳይሮጡ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የሮጠ ሰው ይተኮስበታል። ዞረች፣ ዞረችና ሄደች። አረሙን ጨረሱ፣ እጣኑን ለኮሱ፣ ምግቡን አቀረቡ። ልብሱ ብቻ ሲቀር ሜን ወረቀቱን ዳሰሰችው።

«እማዬ፣ ርሷል፤ ይጨሳል። ቤት ወስደን እናቃጥለው።»

«የቱ ቤት?»

«ያለንበት ነዋ።»

«አባትሽ ያንን ቤት መች ያውቀዋል? የሽቦውን በርስ ማን ይከፍትለታል? እዚሁ ይልበስና ተከትሎን ይምጣ።»

ሜን ሳቀች። «እሺ፤ ግን ከሱሪው እንጀምር። ሸሚዝ ብቻ ለብሶ እንዳይከተለን።»

ሉዋ ሳህኖቹን ልታጥብ ወደ ቦዩ ወረደች። ዞር ስትል ጭሱ ወፍሮ፣ ነጭ ሆኖ፣ ነፋስ በሌለበት ሰማይ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ አየችው። ልጇን ለመጥራት አፏን ከፍታ ነበር። የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ከማሳው ማዶ ወደቀ። ሁለተኛው መቃብሩን አገኘው።

የሆአችን አጥንት በራስ መሸፈኛ ጨርቋ ለቅማ ቋጠረች። ልጇን ታንኳው ውስጥ አስተኛች፤ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ አኖረችላት፤ ቀዘፈች። በር ጠባቂዎቹ ምንም ሳይጠይቁ ከፈቱላት። ሆአች አዲሱ መንደር የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። አባትና ልጅን ከአጥሩ ሥር፣ የማንም ባልሆነ መሬት ላይ ጎን ለጎን ቀበሯቸው።

በሳምንቱ አንድ አሜሪካዊ መኮንን ከአስተርጓሚ ጋር መጣ፤ አንድ ጆንያ ሩዝና አንድ ቆርቆሮ ዘይት አስወረደ።

«ጭስ ስላየን ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «የጫካ ሰዎች ምግብ የሚያበስሉ መስሏቸው ነው።»

«የአባቷ ልብስ ነው በለው።»

አስተርጓሚው የአገሩ ልጅ ነውና ወዲያው ገባው፤ እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳው ግን ቸገረው። ብዙ አወራለት። መኮንኑ ሰምቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አጎንብሶም ቆየ። እሱ መጥፎ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን መድፉ አንድ መሆኑ ቀርቶ ብዙ ሆነ፤ ሰዎቹም በመርከብ ጎርፈው ገቡ።

በዚያ የአልቅት ቀን ገበያው ተበትኖ ደረጃው ጭር ሲል ምንጣፍ ሻጩ ጠየቃት። «ሉዋ፣ የዚያን ወታደር እግር እንዴት ልትነኪ ቻልሽ?»

«አልቅት እንደዚያ ሲነቀል ማየት አልወድም» አለች። ከዚያም ጨመረች፤ «እነሱን ብጠላ ይቀለኝ ነበር። ግን ጭሱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ልጄ እቤት እናቃጥለው ብላኝ ነበር።»

«መድፉን የተኮስሽው አንቺ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ። ማወቁ እንቅልፍ አይሆንም።»

ምንጣፍ ሻጩ በእግዚአብሔር ቸርነት ልጆቹ ሁሉ በሕይወት ያሉለት ሰው ነው። ያልተሸጡ ምንጣፎቹን መጠቅለል ጀመረ። ሉዋ ተከናንባ ለረጅም ጊዜ ሳለች፤ ሳሉ በዚህ ዓመት በርትቶባታል።

«ሰው ሲሞት ልጆቹ ይጠሩታል» አለች። «ሆአችን የምትጠራው ሜን ነበረች፤ እኔንም የምትጠራኝ እሷ ነበረች። እሷን ግን ማን ይጠራታል? ሳታገባ፣ ሳትወልድ ነው የሄደችው። እኔ እስካለሁ እጠራታለሁ። ከእኔ በኋላስ? የሚጠራው የሌለው ሙት፣ ታውቃለህ፣ በየሰው ደጅ እየተራበ ሲዞር ይኖራል።»

«አይባልም፤ አንቺ ገና ትኖሪያለሽ።»

«ስማኝ እንጂ ወንድሜ። እናንተ ክርስቲያኖች ዘንድ በዓመት አንድ ቀን የሙታን ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል አሉ። የዘመድ ብቻ ነው ወይስ የጎረቤትም ይሆናል?»

«የጎረቤትም ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔ ስሞት ሜንን አስጠራልኝ። አልተጠመቀችም፤ ያንን ለካህኑ ንገራቸው፣ እንዳትዋሽ። እምቢ ካሉህ ግን ሌላው ሲጠራ አንተ ዝም ብለህ በልብህ ጥራት። ታደርግልኛለህ?»