ከካሜራው ጀርባ የተነገረ ቃል

መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰርግ እቀርጻለሁ። የቀረጽኩትን የማቀናብረው ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ በሁለት ሞኒተሮች ነው። በግራው ጥሬውን ምስል አያለሁ፤ በቀኙ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን በረጅም ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ሰው ሰርጉን የሚያየው በቴሌቪዥን ስለሆነ ቀለሙን የማምነው እዚያ ካየሁት በኋላ ነው። ባለቤቴ "የእኛ ቴሌቪዥን ዜና አያውቅም፤ የሰው ሙሽራ ብቻ" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ከሁለት ሳምንት በፊት የቀረጽኳት ሙሽራ አጎት ናቸው፤ አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የሙሽራው አባት፣ ሦስተኛው የንስሐ አባታቸው። አጎትየውና የሙሽራው አባት ሶፋው ላይ ጫፍና ጫፍ ሲቀመጡ ቄሱ መሐል ገቡ።

"ልጄ፣" አሉኝ ቄሱ፣ "ጉልበት ሲሳም የሆነውን እንድታሳየን ነው የመጣነው።"

ነገሩን ሰምቼው ነበር። ሙሽሮቹ የሙሽራዋን እናት ጉልበት ሲስሙ አጎትየው ተራቸውን እየጠበቁ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከኋላቸው አንድ ሰው "እኚህን ሽማግሌ ዘወር አድርጉልኝ!" ብሎ ጮኸ። ዞር ሲሉ ያዩት የሙሽራውን አባት ነው። ወዲያው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከዳሱ ወጡ፤ መልሱ ላይም አልተገኙም። አሁን ልጅቷን ካልወሰድኩ እያሉ ነው።

"ምዬ ነግሬዎታለሁ፣" አሉ የሙሽራው አባት፣ "እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም።"

"ጆሮዬ አልደነቆረም!" አሉ አጎትየው።

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በግራው ሞኒተር ቦታውን ፈለግሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ገና ምንም አልለቀቅኩም። ዘፈኑ፣ እልልታው፣ ከዚያ ያ ቃል። ከሁሉም ድምፅ ጎልቶ፣ ካሜራው ሥር የተነገረ ነው። መልሼ ሰማሁት። የራሴ ድምፅ ነበር።

ማለቴን ጨርሶ አላስታውስም። ሙሽራዋ ስትጋረድብኝ ጮኼ ይሆናል። ዘፈን ደርቤበት "ድምፁ አልተቀዳም" ብላቸው ማን ያውቅብኛል? ጀርባዬን ስለሰጠኋቸው ፊቴን እንኳ አያዩትም። መብራት እንዲጠፋ የተመኘሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጠፋብህ እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"አልጠፋም፣ አባ።"

ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ለቀቅኩት፤ ድምፁንም ከፍ አደረግሁት። ቃሉ ሳሎኑን ሞላው።

"ይኸው!" ብለው አጎትየው ተነሡ።

"የእኔ ድምፅ ነው፣" አልኩ። ከወንበሬ ወርጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "ያልኩት እኔ ነኝ። ሙሽራዋ አልታይ ብላኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ቁልቁል አዩኝ። "እሷን ለማየት እኔ መነሣት ነበረብኝ?"

ቄሱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ቢያሳርፉም ተነሥ አላሉኝም። አጎትየው እኔን አልፈው ወደ ሙሽራው አባት ሄዱና "እርስዎን በድያለሁ" አሏቸው። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔ አሁንም ወለሉ ላይ ነበርኩ።

ሲወጡ አጎትየው በሩ ላይ ዘወር ብለው "እሑድ ልጄ ቤቴ መጥታ ጉልበቴን ትስማለች። ካሜራህን ይዘህ ና" አሉኝ።

ቤታቸው ከጓሳ ተራራ በታች ነው። ሄድኩ። ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ፣ አንድ ቃል ሳይወጣኝ ቀረጽኩ። ምስሉ ተንቀጥቅጧል፤ ሳቀናብርም አላስተካከልኩትም። ሁሉም ወደ ቤት ሲገቡ አጎትየው አጠገቤ ደረሱ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም።

"በልተህ ሂድ፣" አሉኝ።

ካሜራውን አስቀምጬ ገባሁ።